ለድሃ የታረደችው ግመል፦ ቁማርን የተቃወሙ ሰዎች ታሪክ

  



የዛሬው ቆይታችን ከዲማ በደረሰን አንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ዲማን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ በስም ያውቃታል፤ የጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስመ ጥር ከሆነባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። እኛ ሙስሊሞች በዚያ አካባቢ በቁጥር ጥቂቶች ነን። የጥያቄው ይዘት እንዲህ ነው፦ «የስፖርት ውርርድ ወይም ቤቲንግ የሚባለው ነገር ወደ ገጠር ከተሞች እየገባ ልጆቻችንን እያጠፋብን ነው። ጎረቤቶቻችን ተሰባስበን አቤት እንበል ይላሉ። አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ከእነርሱ ጋር በአንድ ወረቀት መፈረም በዲናችን እንዴት ይታያል? ደግሞስ መንግሥት ፈቃድ ሰጥቶበት፣ ግብር ሰብስቦበት ለልማት የሚያውለውን ነገር መቃወም ይገባናል ወይ?»

ሁለተኛውን ጥያቄ ላስቀድም፤ ዕድሜው ትልቅ ነውና። «ገቢው ለበጎ ነገር ይውላል» የሚለውን መከራከሪያ የዛሬ ማስታወቂያ ሠሪዎች አልፈጠሩትም። ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመታት በፊት በጃሂሊያ ዘመን የነበሩ ዐረቦችም ይሉት ነበር።

መይሲር የሚባለው የዐረቦች ቁማር አሠራሩ እንደሚከተለው ነበር። በብርዱ ወራት፣ ችግር በሚጠናበት ጊዜ፣ ባለጸጎቹ ተሰብስበው ግመል ይገዙና ያርዳሉ። ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል። ከዚያም አሥር የቀስት ዘንጎች በከረጢት ይጨመራሉ። ሰባቱ ድርሻ ያላቸው ናቸው። የመጀመሪያው «ፈዝ» ይባላል፤ አንድ ድርሻ አለው። ሁለተኛው «ተውአም» ሁለት ድርሻ አለው። እንዲህ እያለ ከፍ ይልና ሰባተኛው «ሙዐላ» ሰባት ድርሻ ያገኛል። ቢደመር ሃያ ስምንት ይሆናል። የቀሩት ሦስቱ ዘንጎች ባዶ ናቸው። ታማኝ የተባለ ሰው ሳያይ እጁን ሰዶ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ያወጣል። የቀናው ሥጋውን ይወስዳል፤ ያልቀናው የግመሏን ዋጋ ይከፍላል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። አሸናፊው ሥጋውን ለቤቱ አያስቀርም ነበር፤ ለድሆች ያከፋፍለዋል። ከዚያ ሥጋ መብላት ለባለጸጋው ነውር ነው። በዚህም ይኩራሩበት ነበር፤ ገጣሚዎቻቸውም ያሞግሷቸው ነበር። በጨዋታው አልገባም ያለ ሰው «በረም»፣ ማለትም ንፉግ፣ ተብሎ ይሰደባል። እንግዲህ በቅንነት ካነጻጸርነው የመይሲሯ ግመል ከዛሬው ውርርድ የተሻለ በጎ አድራጎት ነበራት። የዛሬው አሸናፊ አንድ ኪሎ ሥጋ ለጎረቤቱ ሲያከፋፍል አላየንም።

ታዲያ ቁርአን ይህን ጥቅም ካደ? አልካደም። በአል-በቀራህ ምዕራፍ በ219ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) በመጠጥና በቁማር ውስጥ ለሰዎች ጥቅም መኖሩን ራሱ ይነግረንና ኃጢአታቸው ግን ከጥቅማቸው የሚበልጥ መሆኑን ያስታውቃል። ስለዚህ «ጥቅም አለው እኮ!» ለሚለን ሰው መልሳችን «የለውም» ማለት አይደለም። ጥቅሙ ተመዝኗል፤ ቀሎም ተገኝቷል።

ሌላም ነገር አለ። ይህ አንቀጽ የሚጀምረው ሰዎች ጠየቁ በሚል ነው። እነማን ጠየቁ? የአንቀጾችን መውረጃ ምክንያት የሰበሰቡት ኢማም አል-ዋሒዲ እንደሚዘግቡት ዑመር ኢብኑል ኸጣብ፣ ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልና ከአንሷሮች የሆኑ ሰዎች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው፣ መጠጥና ቁማር አእምሮን የሚያጠፉ፣ ገንዘብን የሚያራቁቱ መሆናቸውን አስረድተው ፍርድ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ቁማር ያኔ ገና አልተከለከለም ነበር፤ የተከበረ የባለጸጎች ወግ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን በየቤቱ ያደረሰውን ጉዳት አይተው አቤት አሉ። ክልከላው ከመምጣቱ በፊት አቤቱታው ቀደመ ማለት ነው።

የመጨረሻው ክልከላ የመጣው በአል-ማኢዳህ ምዕራፍ 90ኛና 91ኛ አንቀጾች ነው። በዚያ የተጠቀሰው ምክንያት የገንዘብ ኪሳራ አለመሆኑ ይገርመኛል። ሸይጧን በመጠጥና በቁማር በሰዎች መካከል ጠላትነትንና ጥላቻን ሊጥል፣ አላህን ከማውሳትና ከሶላትም ሊያግድ እንደሚፈልግ ነው የተነገረን። ከታቢዒዎች ታላቁ የተፍሲር ዓሊም ቀታዳህ ይህን ሲያብራሩ በጃሂሊያ ዘመን ሰው ቤተሰቡንና ሀብቱን ሳይቀር ያስይዝ እንደነበር፣ ከተበላም በኋላ ንብረቱ በሌላው እጅ ሆኖ እያየ በሐዘን ይቀመጥ እንደነበር፣ ከዚያም ጠላትነት ይወለድ እንደነበር ይናገራሉ። ለማዳበሪያ መግዣ የተያዘውን ገንዘብ በቅዳሜ ግጥሚያ አስበልቶ የሚስቱን ዓይን ማየት ለተሳነው ገበሬ ይህ ታሪክ ሩቅ አይሆንበትም።

በነገራችን ላይ «እቁብስ? እቁብም ዕጣ አለው» የሚሉ አሉ። እቁብና ቁማር የሚገናኙት በዕጣው ብቻ ነው። በእቁብ የገባ ሁሉ የከፈለውን ያህል ያገኛል፤ ዕጣው የሚወስነው ማን ይቅደም የሚለውን እንጂ ማን ይክሰር የሚለውን አይደለም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ ሲወጡ ከባለቤቶቻቸው ማን አብራቸው እንደምትሄድ ዕጣ ያወጡ እንደነበር በትክክለኛ ሐዲስ ተዘግቧል። ችግሩ ያለው የአንዱ ማግኘት በሌላው ማጣት ላይ ሲቆም ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በኢትዮጵያ ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም በንጉሡ ዘመን ነው። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ ሎተሪው ግን ሦስቱንም ሥርዓት ተሻገረ። መንግሥታት በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ ሕዝቡ ወዶ የሚከፍለው የሚመስል ገንዘብ ግን ሁሉንም ይጥማቸዋል። በ1999 ዓ.ም ብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር በአዋጅ ቁጥር 535 እንደገና ተቋቋመ። ከ2014 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ከገቡት የመንግሥት ድርጅቶች አንዱ ሆኗል።

በእነዚያ ረጅም ዓመታት ቁማር በአገራችን የሚታወቅ ቦታ ነበረው። ካርታ በጓዳ፣ ቢንጎ በአዳራሽ፣ ከረንቡላ በየመንደሩ። ሎተሪውም ቢሆን አዟሪው በየመንገዱ ይዞት ይዞራል፤ የእንቁጣጣሽ ዕጣ በዓመት አንድ ጊዜ ይወጣል፤ ሰውየውም ቲኬቱን ኪሱ ከቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሐራምነቱ ያው ሆኖ፣ ቀን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉበት ነገር ግን አልነበረም። መልኩን የለወጠው የስፖርት ውርርድ መምጣት ነው። ሕጉ «የስፖርት ውርርድ ሎተሪ» ይለዋል። ስሙ ከነባሩ ሎተሪ ጋር ዘመድ አስመሰለው፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። የአውሮፓ ጨዋታ በየቀኑ አለ፤ ጨዋታ በሌለበት ሰዓት በኮምፒውተር የተፈጠረ የውሻና የፈረስ እሽቅድምድም አለ። ዕጣ እስኪወጣ መጠበቅ ቀረ። በጠዋት የተበላ ከሰዓት በኋላ ሊያስመልስ ይመጣል።

ሕጉ ገደብ አላበጀም ማለት አይቻልም። በየማስታወቂያው ጥግ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ቁጥር ተጽፎ ታያላችሁ። በ2008 ዓ.ም በወጣው የገቢ ግብር አዋጅም ከዕድል ጨዋታ አንድ ሺህ ብርና ከዚያ በላይ ያሸነፈ ሰው 15 በመቶ ግብር እንዲከፍል ተደንግጓል። ለተሸነፈው ግን የተቆጠረለት ነገር የለም። የተሸናፊው ሒሳብ የሚወራረደው በቤቱ ነው፦ በተሸጠ በግ፣ ባልተከፈለ የቤት ኪራይ፣ ትምህርቱን ባቋረጠ ልጅ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በግጭቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ጊዜ ሥራ ፈቶ ለተቀመጠ ልጅ ይህ ፈተና ምን ያህል እንደሚከብድ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ወጣቶቹን ስናነጋግር የሚመልሱልን አንድ መልስ አለ። «እኛ በዕድል አንጫወትም፤ ኳስ እናውቃለን፤ በዕውቀት ነው የምንቆርጠው» ይላሉ። ለዚህ የአቡበክርን (ረ.ዐ) ታሪክ ልንገራችሁ። ሮማውያን በፋርሶች ከተሸነፉ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልሰው እንደሚያሸንፉ በሱረቱ ሩም ሲወርድ አቡበክር ከመካ ሙሽሪኮች ጋር በዚህ ጉዳይ ተወራረዱ። ይህ የሆነው ውርርድ ከመከልከሉ በፊት ነው። አቡበክር የተወራረዱት በግምት አልነበረም፤ በአላህ ቃል ላይ ነበር፤ ሮማውያንም አሸነፉ። በአንዳንድ ዘገባዎች እንደተላለፈው ግን የተገኘውን ነገር ይዘው ሲመጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰደቃ እንዲያወጡት አዘዟቸው። በወሕይ እርግጠኛ የነበረው ሰው ያላስቀረውን ገንዘብ፣ በአጥቂው ጉልበትና በዳኛው ፊሽካ የሚተማመን ሰው እንዴት ሐላል ይለዋል?

በአዲስ አበባ ጉዳዩ እስከ መታሸግ ደርሷል። ነዋሪው በየስብሰባው ስሞታ ሲያሰማ ቆይቶ በ2014 ዓ.ም መጨረሻ የከተማው አስተዳደር የውርርድ ቤቶችን መዝጋት ጀመረ። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ነገር ፈቃድ ሰጪው የፌዴራሉ የሎተሪ መሥሪያ ቤት ሲሆን ቤቱን ያሸገው ግን የከተማው አስተዳደር መሆኑ ነው። ለዲማ ጠያቂያችን ይህ ትልቅ ትምህርት አለው። ፈቃዱ ከሩቅ ቢመጣም ጉዳቱን የሚያየው የቅርቡ ባለሥልጣን ነው፤ የቅርቡን ባለሥልጣን ደግሞ ጎረቤት ሊያናግረው ይችላል።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ቤቱ ሲታሸግ ውርርዱ ወደ ስልክ ገባ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክ እንደ ሰላምታ ቀሏል፤ ይህ ለነጋዴውም ለተማሪውም ትልቅ ምቾት ነው፤ ለቁማርም እንዲሁ። ድሮ አባት ልጁን ከውርርድ ቤት በር ላይ ያገኘው ነበር። ዛሬ ልጁ አጠገቡ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ይወራረዳል።

ይህን ያልኩት ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። በሌላ አገር ታሪክ ውስጥ ይኸው መንገድ ከእኛ በፊት ተሄዶበታል። በአሜሪካ፣ በሉዊዚያና ግዛት፣ እ.ኤ.አ በ1868 አንድ የሎተሪ ኩባንያ ለ25 ዓመታት ብቸኛ ፈቃድ አገኘ። በምትኩ ምን ገባ? በኒው ኦርሊንስ ለሚገኘው የድሆች ሆስፒታል በየዓመቱ 40 ሺህ ዶላር ሊሰጥ። ግመሏ እንደገና ታረደች ማለት ነው። ኩባንያው ቲኬቱን በፖስታ በመላው አገሪቱ እየሸጠ በጣም ከበረ፤ የሕዝብ እንደራሴዎችን በገንዘብ በመያዝም ስሙ ገነነ። የፈቃዱ ዘመን ማለቂያ ሲቃረብ ለማሳደስ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ለግዛቲቱ እከፍላለሁ አለ። በጦርነት ለተጎዳ፣ በወንዝ ሙላት ለሚሰቃይ ድሃ ግዛት ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ በ1890 ፀረ ሎተሪ ማኅበር አቋቋሙ። ሰባኪዎች፣ ገበሬዎች፣ ጋዜጠኞች፣ በፖለቲካ የማይስማሙ ሰዎች በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ ተገናኙ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ምክር ቤት የሎተሪ ቲኬትና ማስታወቂያ በፖስታ እንዳይላክ ከለከለ። ይህ የኩባንያውን እስትንፋስ የቆረጠ እርምጃ ነበር፤ ንግዱ በፖስታ ላይ የቆመ ነበርና። እ.ኤ.አ በ1892 ሕዝቡ ፀረ ሎተሪ የሆነውን እጩ አገረ ገዥ አድርጎ መረጠ፤ ፈቃዱን የማራዘም ሐሳብም በድምፅ ውድቅ ሆነ። ኩባንያው ወደ ሆንዱራስ ተሻግሮ ከዚያ ሆኖ ለመሸጥ ሞከረ። እ.ኤ.አ በ1895 ደግሞ ያንንም ቀዳዳ የሚደፍን ሕግ ወጣ።

ሱቁ ሲዘጋ ንግዱ በሌላ በር ይወጣል፤ ያንንም በር ተከታትሎ የሚዘጋ ሰው ይፈልጋል። ሉዊዚያናዎች የፖስታውን መንገድ ለይተው አቤት አሉ። በእኛ ዘመን የፖስታው ቦታ የያዘው የስልክ ገንዘብ ነው። በቅርባችንም እ.ኤ.አ በ2019 ኬንያ የበርካታ ውርርድ ድርጅቶችን ፈቃድ ሳታድስ አቆይታ ነበር፤ ዩጋንዳም በዚያው ዓመት ለአዲስ ድርጅት ፈቃድ እንዳይሰጥ አዝዛ ነበር። እርምጃዎቹ ሁሉ ጸንተው አልቆዩም፤ መንግሥታቱ ግን ቁማሩ ወጣቱን እየጎዳ መሆኑን በአደባባይ ተናግረዋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ከሌላ እምነት ተከታይ ጋር በአንድ አቤቱታ መፈረም ይቻላል ወይ? ለዚህ መልስ የሚሆነን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከነቢይነታቸው በፊት፣ ዕድሜያቸው ሃያ ዓመት ገደማ ሳለ፣ በመካ የተፈጸመ ታሪክ ነው።

ከየመን የዙበይድ ጎሳ የሆነ አንድ ነጋዴ ዕቃውን ይዞ መካ ገባ። ከመካ ሹማምንት አንዱ የሆነው አል-ዓስ ኢብኑ ዋኢል ዕቃውን ገዝቶ ዋጋውን ከለከለው። ነጋዴው እንግዳ ነው፤ ወገን የለውም። ወደ ታላላቆቹ ቤተሰቦች ሄዶ ቢያመለክት ማንም አልሰማውም፤ ይልቁንም ገሠጹት። ከዚያ ምን አደረገ? በማለዳ፣ ቁረይሾች በካዕባ ዙሪያ በተቀመጡበት ሰዓት፣ አቡ ቁበይስ በሚባለው ተራራ ላይ ወጥቶ በደሉን በከፍተኛ ድምፅ ተናገረ። የነቢዩ አጎት ዙበይር ኢብኑ ዐብዱልሙጦሊብ ይህ ዝም ተብሎ አይታለፍም ብለው ተነሡ። የበኑ ሃሺም፣ የዙህራና የተይም ሰዎች በዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ በመካ የተበደለ ሁሉ፣ ተወላጅም ሆነ እንግዳ፣ መብቱ እስኪመለስለት ከጎኑ እንቆማለን ብለው ተማማሉ። ሄደውም የነጋዴውን ሐቅ ከአል-ዓስ አስመለሱ። ይህ ቃል ኪዳን «ሒልፉል ፉዱል» ይባላል።

በዚያ ቤት የተሰበሰቡት ሙሽሪኮች ነበሩ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በመካከላቸው ተገኝተዋል። ከነቢይነት በኋላ ይህን ስብሰባ ሲያነሡ በከበሩ ቀያይ ግመሎች እንኳ እንደማይለውጡት፣ በእስልምናም ዘመን ለመሰሉ ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። ሙሽሪኮች ለሐቅ ባደረጉት ኪዳን ነቢዩ ይህን ካሉ፣ የመጽሐፉ ባለቤት ከሆነ፣ ለቅሶ ከሚደርሰን፣ አዝመራችንን አብሮን ከሚሰበስብ ጎረቤት ጋር ልጆቻችንን ከቁማር ለመታደግ መፈረም የሚያጠያይቅ አይመስለኝም። የጎጃም ሙስሊም ደግሞ ለዚህ አዲስ አይደለም። የጥንቱ የባሶ ገበያ ገና ጎጃምን ከግቤ አገሮች ጋር ያገናኝ በነበረበት ዘመን ሙስሊሙ ነጋዴ ከክርስቲያኑ ገበሬ ጋር በአንድ ገበያ፣ በአንድ ሚዛን ሲገበያይ ኖሯል። አለመግባባትም ሲነሣ በሽማግሌ ይፈታ ነበር።

መፈረም ብቻውን ግን አይበቃም። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት ያረጋግጣል። አቤቱታው ግን በደንብ መጻፍ አለበት። «ወጣቱ ተበላሸ» ብሎ መጻፍ ለሰሚው ምንም አይሰጥም። ቤቱ የት ቦታ እንደሚከፈት፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከመስጊዱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፣ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ሲገቡ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደታዩ ይጻፍ። የልጆቹ ስም ግን አይጻፍ፤ የሰው ገመና ነው። ለወረዳው አስተዳደር፣ ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ፣ ለሰላምና ጸጥታው በግልባጭ ይግባ። መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ሳይሰጠው እንዳትመለሱ፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ይጠፋል። ሌላው ነገር ደግሞ ድንጋይ የሚያነሣ፣ መስኮት የሚሰብር ሰው ከመካከላችሁ እንዳይኖር ተጠንቀቁ። አንድ መስታወት ከተሰበረ ወሬው ስለ መስታወቱ ይሆናል።

የተበሉትን ልጆችም አትሰድቡ። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጓደኛውን ለቁማር የጋበዘ ሰው ሰደቃ እንዲያወጣ አዘዋል፤ ከቁማር የሚመለስበት መንገድ በመስጠት እንዲጀምር አድርገውታል። ዕዳ የገባ ልጅ ለአባቱ ለመናገር ሲፈራ ዕዳውን በሌላ ውርርድ ሊከፍል ይሄዳል። የሚነግረው አጎት ወይም የሰፈር ሽማግሌ ካገኘ ግን ዕዳው ከመደራረቡ በፊት ይታወቃል።

በመጨረሻም ቤት አከራዮችን የሚመለከት ጉዳይ አለ። ውርርድ ቤት ያለ ክፍል አይከፈትም፤ ክፍሉ ደግሞ የአንዳችን ነው። አል-ማኢዳህ ምዕራፍ ገና በ2ኛው አንቀጹ በኃጢአትና በወሰን ማለፍ ላይ መተጋገዝን ስለሚከለክል፣ ለዚህ ሥራ መሆኑን እያወቁ ማከራየትን ዑለማዎች አይፈቅዱም። ከወረዳው በፊት ወደ ባለቤቱ ሂዱ። ሙስሊም ከሆነ ኢማሙና ሁለት ሽማግሌዎች፣ ክርስቲያን ከሆነ የንስሐ አባቱ ያናግሩት። ኪራዩ ለዚያ ሰው የልጆቹ ቀለብ ሊሆን ይችላልና ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ጨርቃ ጨርቅም ሆነ እህል ለመሸጥ ክፍል የሚፈልግ ነጋዴ አስቀድማችሁ አፈላልጉና ይዛችሁት ሂዱ። የዚያኛው ተከራይ ዋጋ ከፍ ያለ ከሆነም የጎደለውን ለጥቂት ወራት ከጀመዓውና ከእድሩ አዋጥቶ መሙላት ይቻላል።